ቻርተሩና ካዝናው፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በችግር ዘመን እንዴት ተመራ?

የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ጸድቆ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይሆናል ሲባል፣ ብዙ ሰው ነገሩን በአገራችን ታይቶ እንደማይታወቅ ጅምር ነው የተቀበለው። ይኸው ተቋም ግን ራሱን እንዲያስተዳድር በጽሑፍ ሲፈቀድለት የመጀመሪያው አይደለም። በ1946 ዓ.ም. ገና ኮሌጅ ሳለ ቻርተር ነበረው። በየካቲት 1953 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲመሠረት ከመጀመሪያው የሰፋ ሌላ ቻርተር ተሰጠው። በ1995፣ በ2001 እና በ2011 ዓ.ም. የወጡት የከፍተኛ ትምህርት አዋጆችም ስለ ተቋማዊ ነፃነት የሚናገሩ አንቀጾች አሏቸው። ወረቀቱ ጠፍቶ አያውቅም። መመርመር ያለበት ገንዘብ ሲያጥርና ዘመን ሲለወጥ ያ ወረቀት ምን ያህል ሥራ እንደሠራ ነው።

የዚህን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ስመለከተው አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየኛል። ዩኒቨርሲቲው ችግርን የተወጣው የገንዘቡን ልክ የሚያውቀውና የትምህርቱን ነገር የሚያውቀው ሰው በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ሲወስኑ ነው። ገንዘቡ አንድ ቦታ፣ ትምህርቱ ሌላ ቦታ ሲወሰን ግን ብርቱ ሰዎች እየመሩትም ተጎድቷል። ይህን ለማሳየት ከመጀመሪያው መነሳት ያስፈልጋል።

ጅማሬው ትንሽ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አራት ኪሎ ላይ ትምህርት ሲጀምር የተቀበለው 33 ተማሪዎችን ነበር። መሪው ዶክተር ሉሲየን ማት የሚባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን ሲሆኑ፣ ቀደም ሲል የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ። እሳቸውም ባልደረቦቻቸውም የኦርቶዶክስ አገር ውስጥ መሆናቸውን በማክበር የክህነት ልብሳቸውን ትተው እንደማንኛውም መምህር ለብሰው ነው ያስተማሩት። የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይዘውት ስለነበር፣ ከኮሌጁ እስከ ካዝናው ያለው መንገድ እጅግ አጭር ነበር። ችግር ሲመጣ ጉዳዩ ለጃንሆይ ይቀርባል፣ ውሳኔው ይወርዳል። ለ33 ተማሪ ይህ ይበቃል። አሠራሩ በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ መሆኑ የታወቀው ተቋሙ ሲያድግ ነው።

ከታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ የሆነው ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ታላላቅ ባለሥልጣናት የተገደሉበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለአዲሱ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ብዙ ያልተነገረው የአስተዳደሩ ፈተና ነው። አዲሱ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተቋም ተስፋፍቶ የተፈጠረ አልነበረም፤ በተለያየ እጅ ያደጉ ተቋማት ተሰብስበው ነው የተመሠረተው። የሐረማያ የእርሻ ኮሌጅ ከአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ውል የተቋቋመ ነው። የሕንፃ ኮሌጁ የስዊድን መንግሥት እርዳታ ውጤት ነው፤ ስሙም ኢትዮ ስዊድን ይባል ነበር። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች ጋር የተቆራኘ ነበር። የምሕንድስና ኮሌጁና አራት ኪሎ ያለው ነባሩ ኮሌጅ ደግሞ የየራሳቸው ልማድ ነበራቸው። ሁሉም የየራሱን ረጂ፣ የየራሱን የሒሳብ አያያዝና የየራሱን የኩራት ምንጭ ይዞ ነው የመጣው።

እነዚህን ማዋሃድ በመጀመሪያው ዓመት በተጠባባቂ ፕሬዚዳንትነት በሠሩት በአሜሪካዊው ሃሮልድ ቤንትሌይ ተጀምሮ፣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት በሆኑት በልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ጫንቃ ላይ ወደቀ። የቻርተሩ አወቃቀር ለዚህ ሥራ የተመቸ ይመስለኛል። ንጉሠ ነገሥቱ ቻንስለር ናቸው፤ ከበታቻቸው የአስተዳዳሪዎች ቦርድ አለ፤ የትምህርቱን ነገር የሚመራው ዲኖችና የመምህራን ተወካዮች የሚቀመጡበት የፋኩልቲ ምክር ቤት ነው። ከላይ ያለው የዘውድ ሥርዓት ነው፤ ከታች ግን ሰው የሚከራከርበትና ቃለ ጉባኤ የሚያዝበት ሸንጎ ነበር። በዚህ ሸንጎ ውስጥ ከተወሰኑት መካከል አንዱን ልዘርዝረው፣ ምክንያቱም የቀረውን ታሪክ የምመዝነው በእሱ ነው።

የክፍለ ሀገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህር አጥተው ነበር። መንግሥት በቂ መምህር የሚቀጥርበት ገንዘብ አልነበረውም። የውጭ በጎ ፈቃደኞች፣ በተለይም የአሜሪካ የሰላም ጓዶች፣ ክፍተቱን እየሸፈኑት ቢሆንም አገሪቱ በዚያ መቀጠል አትችልም። የፋኩልቲ ምክር ቤቱ እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ገጠርና ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ወጥቶ እንዲያገለግል ወሰነ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ይህ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በ1957 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ነው። ተማሪው በመጀመሪያ ተቃወመ። የምረቃው ቀን በአንድ ዓመት ሲገፋበት ማን ዝም ይላል? ክርክሩ ግን በግቢው ውስጥ፣ ከሚያውቁት ዲንና መምህር ጋር ነበር። ምደባውን፣ የኪስ ገንዘቡን፣ ቁጥጥሩን የሚያካሂደው የዩኒቨርሲቲው የራሱ ጽሕፈት ቤት ነው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ተቃውሞው በረደና አገልግሎቱ የዩኒቨርሲቲው መታወቂያ ሆነ። እንዲያውም ብዙ የከተማ ልጅ የገባሩን ኑሮ በዓይኑ ያየው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ የተመለሰው ተማሪ የመሬትን ጥያቄ በሌላ ስሜት ነበር የሚናገረው። የወሰነው ምክር ቤት ይህን ውጤት አስቦበት ነበር ለማለት ይከብደኛል።

ያው ዩኒቨርሲቲ ግን በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ሲገደልና በማግሥቱ ወታደር ግቢ ገብቶ ሲተኩስ አንዳች ማድረግ አልቻለም። በቻርተሩ ላይ የተጻፈው ሥልጣን የግቢውን በር አልጠበቀም። ከዚያ በኋላ መምህሩም ተማሪውም የምክር ቤት ውሳኔ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ በሚገባ ተረድቶ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ፈተና በቀጥታ የገንዘብ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ወጣት ሥራ ማጣት ጀመረ፤ የትምህርት በጀቱም አገሪቱ ከምትችለው በላይ እየሄደ ነው ተባለ። መንግሥት በዓለም ባንክ ድጋፍ የትምህርት ዘርፍ ግምገማ የሚባለውን ጥናት አስጠና። ከዩኒቨርሲቲው ምሁራን መካከል በጥናቱ የተሳተፉ ነበሩ። ሐሳቡ በአጭሩ አራት ዓመት የሚዘልቅ መሠረታዊ ትምህርት ለብዙኃኑ እንዲዳረስና የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት መስፋፋት እንዲገታ ነበር። ሰነዱን ዛሬ በረጋ መንፈስ የሚያነብ ሰው ብዙ ቁም ነገር ያገኝበታል። ችግሩ ሰነዱ በ1964 ዓ.ም. ተጠናቅቆ ለሕዝብ የተገለጸው በ1966 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚህ መካከል ወሬ አደገ። መምህሩ ኑሮዬን ሊነኩት ነው አለ፤ ወላጁ የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይማር ተፈረደበት አለ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የመምህራን የሥራ ማቆም አድማ ከታክሲ ነጂዎችና ከወታደሮች ጥያቄ ጋር ተጋጠመ። መንግሥት ፕሮግራሙን አቆምኩ ሲል ጊዜው አልፎ ነበር። አንድ የበጀት ጥናት ለብቻው አብዮት አስነሳ አልልም። ሆኖም ወጪ የሚቀንስ ለውጥ ከሚመለከታቸው ሰዎች ተሰውሮ ሲዘጋጅ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የጎላ ምሳሌ በአገራችን ታሪክ አላውቅም።

ደርግ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ከታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላከ። ሐሳቡ ከዩኒቨርሲቲ አገልግሎቱ የተወረሰ ቢመስልም፣ አካሄዱ ከሥሩ የተለየ ነበር። ያኛው በዩኒቨርሲቲው ምክር ቤት የተወሰነ ሲሆን፣ ይህኛው በአዋጅ ወርዶ ግቢውን ለሁለት ዓመት ያህል ባዶ አደረገው። የዩኒቨርሲቲው ስምም ተለውጦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በ1969 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 109 ከፍተኛ ትምህርትን በአንድ ኮሚሽን ሥር አደረገው። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ከዘመቻ የተመለሰው ትውልድ በየጎዳናው ወደቀ። ስለ አስተዳደር እየጻፍኩ ይህን በአንድ አንቀጽ ማለፌ ይከብደኛል፤ ዩኒቨርሲቲው ያጣውን ሰው የሚተካ አሠራር ግን የለም።

የሚደንቀው፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ዩኒቨርሲቲው በታሪኩ ከወሰዳቸው ውሳኔዎች እጅግ የሚልቀውን መውሰዱ ነው። እስከዚያ ድረስ ማስተርስና ዶክትሬት የሚፈልግ መምህር ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ ይላካል። ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወዳጅነት ሲፈርስ የነጻ ትምህርቱ ዕድል ተመናመነ፤ የሄዱትም ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ የውጭ አገር መምህራን ሻንጣቸውን ይዘው ወጥተዋል። የውጭ ምንዛሪ የለም። በ1971 ዓ.ም. የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ባዶ እጅ ነበር ማለት ይቻላል፤ በእጅ ያለው በጣት የሚቆጠሩ ዶክተሮች፣ አንድ ጥሩ ቤተ መጻሕፍትና ያረጁ ቤተ ሙከራዎች ናቸው። የትምህርት ክፍሎቹ የትኛው ዘርፍ በራሱ ሰው ማስተርስ ማስተማር እንደሚችል፣ የትኛው መቆየት እንዳለበት አንድ በአንድ መመዘን ነበረባቸው። የስዊድን የምርምር ትብብር ድርጅት ሳሬክ በዚያን ጊዜ የጀመረው ድጋፍ ለአሥርተ ዓመታት ዘለቀ፤ ቤተ ሙከራም መጽሔትም በእሱ ቆመ። ከዚያ ወዲህ በመላ አገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ቆመው ያስተማሩ መምህራን አብዛኞቹ የዚህ ውሳኔ ልጆች ናቸው። ፖለቲካው ግቢውን አንቆ በያዘበት ዘመን ይህ መሆኑ፣ ስለ ትምህርት የሚወስነው ጉባኤ በጠበበ ክልልም ቢሆን ሥራውን ሲሠራ ምን እንደሚቻል ያሳየኛል።

የተሠራው እንዴት ባንድ ቀን እንደሚፈርስ ደግሞ 1985 ዓ.ም. አሳየ። በታኅሣሥ ወር የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ተማሪዎች በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ጉዳይ ሰልፍ ወጡ፤ ተተኮሰባቸው፤ ሰው ሞተ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ዓለማየሁ ተፈራ ከኃላፊነት ተነሱ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር 42 መምህራን ተባረሩ፤ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ከእነሱ አንዱ ነበሩ። አገሪቱ የበጀት ድቀት ላይ በነበረችበት፣ አንድን ፕሮፌሰር ለማፍራት ሃያ ዓመት በሚፈጅበት ጊዜ ነው ይህ የሆነው። ገንዘብ ያጣ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሀብት ሰው ብቻ ነው። ያን ሀብት የበተነው ደብዳቤ የትምህርቱን ነገር የሚመራው ሴኔት መክሮበት የወጣ አልነበረም። የቀረው መምህር የተማረው ትምህርት ዝምታ ነበር፤ ያ ዝምታ ለብዙ ዓመት በየስብሰባው ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ በፍጥነቱ አቻ የለውም። በ1980ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ከመቶ ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደብ ተባለ። ምደባውን የሚያደርገው ሚኒስቴሩ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ስንት ተማሪ እንደሚቀበል የሚያውቀው ዝርዝሩ ሲላክለት ነበር። ቢፒአርና ካይዘን የሚባሉ የአሠራር ለውጥ ዘዴዎች መጡ፤ የሥራ ሒደት ባለቤት የሚባል ማዕረግ ተፈጠረ። በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም። ገንዘቡ ላይ ግን መቆየት አለብኝ።

የ1995ቱ አዋጅ ቁጥር 351 ለዩኒቨርሲቲዎች የጥቅል በጀት ሥርዓትን ቃል ገብቶ ነበር። መንግሥት ድምሩን ይሰጣል፣ ዩኒቨርሲቲው ያከፋፍላል ማለት ነው። በተግባር ግን በጀቱ ለረጅም ጊዜ በርዕስ በርዕስ እየተሸነሸነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለማዛወር የገንዘብ ሚኒስቴርን ፈቃድ እየጠየቀ ቀጠለ። ይህ ለአንድ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ምን ማለት እንደሆነ ከቅርብ እንየው። መምህሩ በመስከረም የሪኤጀንት (የቤተ ሙከራ ኬሚካል) ዝርዝር ያቀርባል። የትምህርት ክፍሉ ያጸድቃል፤ ኮሌጁ ይሰበስባል፤ ግዥ ክፍል የሁሉንም ጥያቄ አጠራቅሞ ጨረታ ያወጣል። አቅራቢው ዕቃው ከውጭ ስለሆነ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ይይዛል። ወረፋው ሳይደርሰው ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ይጋመሳል። በግንቦት በጀቱ እንዳይቃጠል ሩጫ ይጀመራል። ሰኔ 30 ላይ ያልተነካ ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳልና፣ ሪኤጀንት የሚገዛበት ብር ወንበርና ቶነር ይገዛበታል። ተማሪው ቲትሬሽን በሰሌዳ ላይ ተስሎለት ይመረቃል። በዚህ ሒደት ውስጥ የሰረቀ ሰው የለም፤ ሁሉም ደንቡን አክብሯል። ውሳኔው ግን ቤተ ሙከራው ምን እንደሚያስፈልገው ከሚያውቀው ሰው ወጥቶ፣ ቀኑንና ርዕሱን ብቻ በሚያውቀው ሰው እጅ ገብቷል።

የወጪ መጋራቱም እንዲሁ ነው። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ሥርዓት ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪና የትምህርቱን ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ ይከፍላል። ውሉን በየዓመቱ ያስፈረመው፣ መዝገቡን የያዘው ሬጅስትራር ነው። ምሩቁ ዕዳውን ሳይከፍል ኦሪጅናል ዲግሪውን አያገኝምና ቁጣውን የሚያሳርፈውም በሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ነው። ገንዘቡን የሚሰበስበው ግን የገቢዎች መሥሪያ ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲው የዕዳ መዝገብ ጠባቂ እንጂ የገቢው ባለቤት አልነበረም። በሌላ በኩል የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለብዙ ዓመት 15 ብር ነበር። በኋላ 22 ብር ሆነ። ወደ 100 ብር ከፍ የተደረገው በ2017 ዓ.ም. ነው። በ22 ብር ቁርስ፣ ምሳና እራት ያበላ የካፌ ኃላፊ ከየት እንዳመጣው የሚያውቀው እሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ርዕስ ተበድሮ፣ ነጋዴ ለምኖ ነው። የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ቦርዶች በአብዛኛው በሚኒስትር ዴኤታዎችና በክልል ባለሥልጣናት ይመሩ ስለነበር፣ ይህ ችግር በፌዴራል ደረጃ እንዳይታወቅ የሚያደርግ ምክንያት አልነበረም። ይታወቅ ነበር። የወሰነው ወገን እና ያበላው ወገን ግን በአንድ ጉባኤ አልተቀመጡም።

አሁን ዩኒቨርሲቲው ክፍያ የሚተምንበት፣ ተማሪውን በራሱ ፈተና የሚቀበልበት፣ ሠራተኛውን በራሱ ደንብ የሚያስተዳድርበት ዘመን ገብቷል። ይህን መንገድ ቀድሞ የሄደ ጎረቤት አለና እሱን ሳናይ ማለፍ ጥፋት ይመስለኛል።

የካምፓላው ማኬሬሬ እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተ፣ የምሥራቅ አፍሪካ መሪዎችና ደራስያን የተማሩበት ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የኡጋንዳ መንግሥት ደመወዝ መክፈል አቅቶት መምህራን በትርፍ ሰዓት ንግድ ኑሯቸውን ይደጉሙ ነበር። መንግሥት የተማሪዎችን የመጽሐፍና የትራንስፖርት አበል ሲያስቀር ተማሪው አመጸ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 መጨረሻ ሁለት ተማሪዎች በፖሊስ ጥይት ሞቱ። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ከፋይ ተማሪዎችን መቀበል ጀመረ፤ የማታ ትምህርት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ ቀድሞ አንድም ከፋይ ባልነበረበት ግቢ ከተማሪው 70 በመቶ በላይ ከፋይ ሆነ፤ ከገቢውም 30 በመቶ በላይ ከራሱ የመነጨ ነበር። የተማሪው ቁጥር ከእጥፍ በላይ አደገ። የተቋሙ መነቃቃት በዓለም ተወደሰ። የሚያስመሰግነው ነገርም ነበረው፦ የክፍያው ከፍተኛ ድርሻ ላስተማረው ፋኩልቲ እንዲቀር መደረጉ፣ መምህሩን ከንግዱ ወደ ክፍሉ መልሶታል።

ይሁንና ያው ደንብ ሌላ ነገር ወለደ። ገንዘብ የሚመጣው ተማሪ ካለበት ነውና፣ ፋኩልቲዎች ተማሪ ለመሳብ ይሽቀዳደሙ ጀመር። አንዱ ፋኩልቲ የሌላውን ትምህርት በሌላ ስም ከፈተ። ሥነ ጥበብና ማኅበራዊ ሳይንስ በከፋይ ሲጨናነቁ፣ ቤተ ሙከራ የሚፈልጉት የሳይንስ ክፍሎች ከፋይ አጥተው ደኸዩ። ምሁሩ ማሕሙድ ማምዳኒ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት መጽሐፍ የተቹት ይህንኑ ነው። እኔም ትችታቸው ልክ ነው እላለሁ። ማኬሬሬ የተሳሳተው ክፍያ በመጀመሩ አይደለም፤ ከክፍያው ገቢ ምን ያህሉ ከፋይ ለማይመጣላቸው ክፍሎች ይሂድ የሚለውን አጠቃላይ ጥያቄ መልስ ሳይሰጥ ለየፋኩልቲው ድርድር በመተዉ ነው። ውሎ አድሮ የመምህራን የማትጊያ አበል ሳይከፈል ተጠራቀመ፤ አድማ ተመታ፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 2016 ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ዩኒቨርሲቲው እንዲዘጋ አዘዙ። ሁለት ወር ያህል ተዘግቶ ቆየ። ያን ያህል የራሱን ገንዘብ ያመነጨ ተቋም በአንድ ትእዛዝ ሲዘጋ፣ ገቢ መኖር ብቻውን የተቋሙን በር እንደማይጠብቅ ታየ።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ፈተናው ከካምፓላው የከበደባቸው ነጥቦች አሉ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 3.3 በመቶው ብቻ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶው ብቻ የማለፊያውን 50 በመቶ ያመጡበት ነው። በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) የሚታገዙት ቢጨመሩም፣ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የሚሻሙት ተማሪ ቁጥሩ አነስተኛ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የዶላር ዋጋ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የቤተ ሙከራ ዕቃ፣ ሶፍትዌር፣ የምርምር መጽሔት የሚገዛው በዶላር ነው። መምህራኑ በ2015 ዓ.ም. በደመወዝ ጉዳይ ወደ አድማ የሄዱት ከዚህ በፊት ነው። የኑሮው ውድነት ያኔ ከነበረበት ከፍ ብሏል።

ስለዚህ ቦርዱና ሴኔቱ ቀጥሎ የሚነሱባቸውን ጉዳዮች አሁን፣ በግልጽ፣ በቁጥር ካልተከራከሩባቸው የማኬሬሬን ዓመታት እኛም እናልፋቸዋለን ብዬ እፈራለሁ። የመጀመሪያው ከፋይ የማይመጣላቸው ክፍሎች ዕጣ ነው። በሥነ ጽሑፍና ፊሎሎጂ ክፍል የግእዝ ብራና የሚያነብ ሰው ማፍራት ለብዙ ተማሪ ክፍያ አያዋጣም። ንጹሕ ሒሳብም እንዲሁ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሰበሰባቸው መጻሕፍትና ቅርሶች ለገቢ አልተሰበሰቡም። እነዚህን ከሕክምናና ከንግድ ትምህርት ገቢ ምን ያህሉ እንደሚደግፋቸው በመቶኛ ተወስኖ በደንብ መጻፍ አለበት፤ በየዓመቱ የፕሬዚዳንቱ በጎ ፈቃድ የሚፈልግ ከሆነ እስከ መቼ እንደሚዘልቅ አይታወቅም።

ሁለተኛው የድሃው ልጅ ነው። መንግሥት በነጻ ትምህርት የሚከፍልለት ተማሪ ዝርዝር በማን፣ በምን መስፈርት እንደሚወጣ ለሕዝብ መታወቅ ይገባዋል። ከወሎ ገጠር ወይም ከሶማሌ ክልል የመጣች ጎበዝ ተማሪ ክፍያውን ብቻ ሳይሆን የአዲስ አበባን የቤት ኪራይም መቻል አለባት። ዶርሙ ወደ ኪራይ ዋጋ ከተጠጋ ከፍተኛ ነጥቧን ይዛ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች፤ ዋናው ዩኒቨርሲቲም የከተማ ልጆች ግቢ ይሆናል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ተቋም ምንም ጉድለት ይኑርበት፣ የገበሬ ልጅ ከሚኒስትር ልጅ ጎን የተቀመጠበት ቦታ ነበር። ይህን የሚያጠፋ ለውጥ በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ትርፍ ሆኖ ሊጻፍ አይገባም።

ሦስተኛው የሒሳቡ መከፈት ነው። በየመንፈቁ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለየትኛው ኮሌጅ ስንት ሄደ የሚለው ሰነድ በሴኔት አባላት እጅ ብቻ ሳይሆን በየትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ መታየት አለበት። የአስተዳደር ሠራተኛ ሲቀነስ፣ ትምህርት ክፍሎች ሲዋሃዱ፣ ሰው ለምን እንደሆነ የሚረዳው ቁጥሩን ሲያይ ነው። የ1957ቱ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተቃውሞውን ያለፈው ቅሬታውን የሚሰማ፣ መልስ የሚሰጥ ሸንጎ በግቢው ስለነበረ ነው። የትምህርት ዘርፍ ግምገማው የወደቀው ሰነዱ ተደብቆ ስለከረመ ነው።

ከዚህ በኋላ ሌሎች ነባር ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ እንዲሆኑ ታቅዷል። ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያ የየራሳቸው ታሪክና የየራሳቸው ጥንካሬ አላቸው፤ ይሁንና በዙሪያቸው ክፍያ የሚችል የከተማ ነዋሪ ቁጥር ከአዲስ አበባው ጋር አይወዳደርም። የአዲስ አበባን ደንብ ገልብጦ ለሁሉም መስጠት ቀላሉ መንገድ ነው፤ አደገኛውም እሱ ነው። ሐረማያ በእርሻ፣ ጎንደርና ጅማ በሕክምናና በኅብረተሰብ ጤና የሚሰጡት አገልግሎት ገዢው ገበሬውና ታማሚው ስለሆነ፣ አብዛኛውን ወጪ መንግሥት መሸፈኑ የማይቀር ነው። የሚሻለው መንግሥት ለእያንዳንዳቸው ለአምስት ዓመት የሚዘልቅ የድጋፍ መጠን አስቀድሞ በጽሑፍ ሰጥቶ፣ በዓመቱ መጨረሻ የተረፈውን ሳይወስድ፣ ሴኔቶቻቸው ቁጥሩን ይዘው ምን እንደሚከፍቱና ምን እንደሚያጥፉ እንዲወስኑ መፍቀድ ነው። ያ ሳይሆን ራስ ገዝ የተባለ ዩኒቨርሲቲ በሁለተኛው ዓመት ደመወዝ ለመክፈል ወደ ሚኒስቴሩ ደጅ ይመለሳል፤ ሲመለስም አዋጁ የሰጠውን የመወሰን መብት አስረክቦ ነው።